ባላገር ድንገት ገንዘብ ሲቸግረው በምን እንደሚወጣው፤ ሹማምንትም ስለዚህ ሊያውቁት የሚገባ

እርሻ ፍሬውን የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በበልግ አገር ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። የገንዘብ ችግር ግን ወር አይመርጥም፤ ሕመም፣ ሞት፣ የበሬ መሰበር፣ የልጅ ትምህርት፣ የማዳበሪያ ዋጋ፣ የሙግት ወጪ በየትኛውም ቀን ይመጣል። ስለዚህ ጎተራው ሙሉ የሆነ ባላገር እንኳ በእጁ ገንዘብ የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ሳይረዳ የሚያስተዳድር ሹም የገንዘብ መታጣቱን ከስንፍና ወይም ከእምቢተኝነት ይቆጥረዋል፤ ግብሩን ወይም ዕዳውንም በማይገባ ጊዜ ይጠይቃል። ባላገሩም የሚያርስበትን በሬ ሸጦ ይከፍላል። በሬው ከተሸጠ በኋላ ግን በሚመጣው ዓመት ግብሩም ዕዳውም ከምን እንደሚከፈል አይታወቅም።

ይህ ጽሑፍ ለዞን፣ ለወረዳና ለቀበሌ ሹማምንት፣ እንዲሁም ሰፊ እርሻ ይዘው ከጎረቤቶቻቸው ጋራ በእኩልና በብድር ለሚገናኙ ባለ ይዞታዎች የተዘጋጀ ነው። አሳቡም በአጭሩ ይህ ነው፤ አንድ ቤት ብቻውን ሲጎዳ በዘመድ፣ በጎረቤት፣ በእቁብና በእድር ይወጣዋል፤ ጉዳቱ አገሩን ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲመታ ግን እነዚህ መረዳጃዎች ባንድነት ይደክማሉ። ስለዚህ የሹም ሥራ በፊተኛው ጊዜ መረዳጃዎቹን አለማወክ፣ በኋለኛው ጊዜ ደግሞ በሬው ሳይሸጥ ቀድሞ መድረስ ነው። ይህንንም ለማድረግ የችግሩን ወራት፣ የመረዳጃዎቹን አሠራርና የየአንዳንዳቸውን ወሰን ማወቅ ያሻል።

1ኛ፤ ችግሩ የሚበረታበት ጊዜ

በመኸር አገር ባላገሩ እህሉን የሚሰበስበው በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉም ባንድነት ወደ ገበያ ስለሚያወጣ የእህል ዋጋ ይወርዳል። ባላገሩ እህሉን የሚሸጠው የዋጋውን መውረድ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የመሬቱ ግብር፣ በክረምት የተበደረው ዕዳ፣ የልብሱና የሠርጉ ወጪ ባንድ ሰሞን ስለሚጠየቅ ነው። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ ለዘርና ለማዳበሪያ ገንዘብ ያስፈልገዋል። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት በጥር የሸጠውን ዓይነት እህል በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል።

ነገሩን በቁጥር ለማስረዳት ያህል፣ አንድ አባወራ በጥር ሦስት ኩንታል ስንዴ እያንዳንዱን በ4,000 ብር ሸጠ እንበል፤ ያገኘው 12,000 ብር ነው። በነሐሴ የኩንታሉ ዋጋ 5,500 ብር ቢደርስ ያንኑ ሦስት ኩንታል መልሶ ለመግዛት 16,500 ብር ያሻዋል። ልዩነቱ 4,500 ብር ነው። ይኸውም 12,000 ብር ለሰባት ወር ተበድሮ 4,500 ብር ወለድ እንደ መክፈል ይቆጠራል። በመንደሩ አንድም አራጣ አበዳሪ ሳይኖር ባላገሩ የአራጣን ያህል ከፈለ ማለት ነው።

ወራቱ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በደቡብ ወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች በበልግ ዝናም የተዘራው የሚሰበሰበው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ስለዚህ የበልግ ዝናም ሲቀር ችግሩ የሚታየው ሌላው አገር ገና በሚዘራበት ወራት ነው። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦና በሐዲያ እንሰት ዓመታት በመሬት ላይ ቆሞ በተፈለገ ጊዜ ስለሚፋቅ ለምግብ ትልቅ መጠባበቂያ ነው፤ ነገር ግን እንሰት ረኃብን ይከለክላል እንጂ የመድኃኒትን ዋጋ ወዲያው አይከፍልም። በቡና አገር ደግሞ ገንዘብ የሚገባው በለቀማ ጊዜ ነው፤ በቀሩት ወራት የቸገረው ሰው ቡናው ገና በዛፍ ላይ ሳለ ከነጋዴ ገንዘብ ተቀብሎ በርካሽ ይዋዋላል። እንግዲህ አንድ ሹም በወረዳው ገንዘብ የሚገባበትንና የሚጠፋበትን ወር ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያ ትምህርቱ ሊሆን ይገባል።

2ኛ፤ የዘመድና የጎረቤት ብድር

ባላገር ሲቸግረው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ዘመዱና ወደ ጎረቤቱ ነው። ይህ ብድር ወለድ የለውም፤ ወረቀትም አይጻፍበትም፤ ብዙ ጊዜም በብር ሳይሆን በእህል ነው። አንዲት እናት ከጎረቤቷ አንድ ቁና ጤፍ ወይም ገብስ ትወስዳለች፤ አዝመራ ሲገባ ትመልሳለች። የመመለሻውም ቀን እንደ ችግሩ ይራዘማል። ነገር ግን ይህ ብድር ነጻ ስጦታ እንዳልሆነ መረዳት ያሻል፤ ዛሬ የተቀበለ ነገ ጎረቤቱ ሲቸገር ይሰጣል፤ ሲጠየቅ ያልሰጠ በሌላ ቀን ለመጠየቅ ፊት የለውም። ዋሱ ስሙና ክብሩ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው ለዚህ ነው።

በዚሁ መንገድ ጉልበትና በሬም ይበደራል። ደቦ ብዙ ሰው ባንድ ቀን ተሰብስቦ የአንዱን እርሻ የሚሠራበት፣ ድግሱም በባለ እርሻው የሆነ ነው። ወንፈል ደግሞ ጥቂት ሰዎች በየተራ እየተዘዋወሩ ቀን በቀን የሚከፋፈሉበት የጉልበት ብድር ነው። አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው በየተራ ሲያርሱ መቀናጆ ይባላል። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ሳይወጣ ሥራ እንዲሠራ ያደርጋሉ፤ የሠራተኛና የበሬ ኪራይ በብር ቢከፈል ኖሮ ብዙው ድኻ ማሳውን ጦም ባሳደረ ነበር።

የዘመድ እርዳታ ዛሬ ከመንደር አልፏል። ብዙ ቤት በአዲስ አበባ፣ በየክልሉ ከተማ ወይም በዐረብ አገሮች የሚሠራ ልጅ አለው፤ ችግር ሲደርስ ይላክለታል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ስለ ተቋቋመ ገንዘቡ በስልክ ባንድ ቀን ሊደርስ ይችላል። የዚህ እርዳታ ልዩ ጥቅሙ ድርቁ ወይም አንበጣው ካለበት ስፍራ ርቆ ካለ ሰው መምጣቱ ነው፤ ላኪው ከመንደሩ ጋራ አብሮ አልተጎዳምና።

3ኛ፤ እቁብ፣ እድርና ሌሎች ማኅበሮች

እቁብ የቁጠባ ማኅበር ነው። ለምሳሌ 20 ሰዎች በየሳምንቱ ገበያ 200 ብር ቢያዋጡ በየሳምንቱ 4,000 ብር ይሰበሰባል፤ ዕጣ የወጣለት ይወስዳል፤ በ20 ሳምንት ሁሉም ይደርሰዋል። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ቀድሞ የወሰደ ሰው መክፈሉን እንዳያቋርጥ ዋስ ይጠራል። ከአባሎቹ አንዱ በድንገት ቢቸግረው ለዳኛው ነግሮ ዕጣው ሳይጣል እንዲሰጠው ይለምናል፤ ወይም ዕጣ ከወጣለት ሰው ጋራ ተራ ይለዋወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ቀንሶለት ተራውን ይገዛል። በገጠር እቁብ በእህልም ይደረጋል። በጉራጌ ሴቶች ዘንድ ውጆ የሚባለው ማኅበር ቅቤን በየተራ የሚያሰባስቡበት ነው፤ አንዲቱ ብቻዋን በሳምንት የምታገኘው ጥቂት ቅቤ ለገበያ የማይበቃ ሲሆን፣ ተራዋ ሲደርስ የሁሉም ተጠራቅሞ ዋጋ የሚያወጣ ይሆናል።

የእቁብ ጉድለቱ ተራ ያለው መሆኑ ነው፤ ችግር ግን ተራ አይጠብቅም። ደግሞም በየሳምንቱ የሚያዋጣው የሌለው ሰው ከመጀመሪያውም አይገባበትም።

እድር በሞት ጊዜ መረዳጃ ነው። በከተማ ይልቁንም ከኢጣልያ ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ወዲህ በብዛት የተስፋፋ ሲሆን፣ በገጠርም ዛሬ በብዙ ስፍራ ይገኛል። አባሎቹ በየወሩ ያዋጣሉ፤ ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑን፣ ዕቃውን፣ እንጨቱን፣ ውኃውን፣ ጉልበቱንና የተወሰነውን ገንዘብ ለሐዘንተኛው ያቀርባሉ። በብዙ ስፍራ እድሮች ከሞት ሌላ ለሕመም፣ ለቤት ቃጠሎና ለበሬ ሞት ገንዘብ ማበደር ጀምረዋል። የቀብር ወጪ ለአንድ ቤት የዓመት እህል ሊያስሸጥ የሚችል ስለ ሆነ፣ እድር ያለው ቤት ከሐዘኑ በኋላ በሬው እንደ ቆመ ይገኛል።

ከእነዚህ ሌላ ክርስቲያኖች በማኅበርና በሰንበቴ፣ እስላሞች በዘካና በሰደቃ ይረዳዳሉ። የአንድ ሰው በሬ ገደል ገብቶ ቢሰበር ጎረቤቶቹ ወዲያው አርደው ሥጋውን በቅርጫ ይካፈሉታል፤ ዋጋውንም ለባለ በሬው ያዋጣሉ። በዚህም የበሬው ዋጋ በሙሉ ባይመለስ እንኳ ለጥጃ መግዣ የሚሆን ይገኛል። በቦረና ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው ሥርዓት ከብቱ ያለቀበት ሰው ከጎሣው ከብት ይሰጠዋል፤ ዘላን ያለ ከብት ዘላን አይደለምና እርዳታው በገንዘብ ሳይሆን በከብት ነው።

4ኛ፤ ከብትን በርቢ፣ መሬትን በእኩል መስጠት

ብድር ሳይበቃ ሲቀር ባላገሩ ያለውን ሀብት በሙሉ ሳይሸጥ ከፍሎ ይጠቀምበታል። ከብትን በርቢ መስጠት አንዱ ነው፤ ባለ ላሙ ላሚቱን ለሌላ ሰው ያስረክባል፤ አርቢው ይቀልባታል፣ ወተቷንና እበቷን ይጠቀማል፤ የምትወልደውን ይካፈላሉ። ይህ መኖ ላጠረው ባለ ከብት እፎይታ ነው፤ ከብት ለሌለው ድኻም ከብት ማፍሪያ ነው። አንዳንዱም የወይፈኑን ግማሽ ድርሻ ለጎረቤቱ ሸጦ ሁለቱ በጋራ ያሳድጉታል።

መሬቱንም ለባለ ጥማድ በእኩል ወይም በሲሶ ያሳርሳል፤ በጎጃም ይህ መጋዞ ይባላል። ወይም ለዓመታት ኪራይ አስቀድሞ ገንዘብ ይቀበላል። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ ስለ ሆነ ባላገሩ መሬቱን ለዘለዓለም አያጣም። ነገር ግን የብዙ ዓመት ኪራዩን ባንድ ቀን ተቀብሎ የበላ ሰው፣ ዓመታቱ እስኪያልቁ በገዛ መሬቱ ላይ እንደ እንግዳ ይቆማል።

በቀድሞው ዘመን የዚህ ነገር አደጋ ከዚህ የባሰ ነበር። ወለድ አገድ በሚባለው ውል አበዳሪው መሬቱን ይዞ ፍሬውን በወለድ ፈንታ ይበላ ነበር፤ ዋናው እስኪከፈል ድረስ መሬቱ አይመለስም። ጭሰኛውም ለክረምት ቀለብ ከባለ መሬቱ ይበደር ነበር፤ አበዳሪውና ባለ መሬቱ አንድ ሰው ስለ ነበሩ ከዕዳው ለመውጣት ይቸግረው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ይህን የጭሰኝነት ሥርዓት አስቀረ። ሆኖም አዋጁ የባለ መሬቱን ግዴታ ሲያስቀር በክረምት የሚያበድረውንም ሰው አብሮ አስቀርቷልና፣ ያ ስፍራ በጎረቤት፣ በነጋዴ፣ ኋላም በብድርና ቁጠባ ተቋም መሞላት ነበረበት።

5ኛ፤ አራጣና ሕጉ

ሌላው በር ሁሉ ሲዘጋ የሚቀረው አራጣ ነው። አበዳሪው ብዙ ጊዜ የመንደሩ ነጋዴ ወይም ባለጸጋ ነው። በወር ከመቶ 10 ብር ወለድ ቢጠይቅ፣ በሰኔ 1,000 ብር የተበደረ ሰው በጥር 700 ብር ወለድ ይከፍላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ተዋዋዮች በዓመት ከመቶ 12 የሚበልጥ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል፤ በዚህ መሠረት የዚያው ገንዘብ የሰባት ወር ወለድ ከ70 ብር ሊያልፍ አይችልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም አራጣን ያስቀጣል።

ሕጉ ይህ ሲሆን አራጣ አልጠፋም፤ ምክንያቱም ውሉ ወለዱን ከዋናው ጋራ ደምሮ ስለሚጻፍ ወረቀቱ ላይ አይታይም። ተበዳሪው 1,000 ብር ተቀብሎ 1,700 ብር ተበደርሁ ብሎ ይፈርማል። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 ደግሞ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም በመሐላ ካልሆነ በቀር እንዳይረጋገጥ ያዝዛል። ይህ የተደነገገው ሐሰተኛ ክስን ለመከልከል ሲሆን፣ ማንበብ የማይችለው ባላገር ግን የፈረመበት ወረቀት እውነተኛውን ነገር ስለማይናገርለት ሊጎዳበት ይችላል። ስለዚህ የቀበሌ ሹም ውሉ ሲጻፍ ገንዘቡ በምስክር ፊት ተቆጥሮ እንዲሰጥና ውሉም ለተበዳሪው ጮክ ተብሎ እንዲነበብለት ቢያደርግ ከብዙ ክስ ይጠብቀዋል።

ደግሞ ማስተዋል የሚገባ ሌላ ነገር አለ። በነሐሴ ወር አራጣ አበዳሪውን አስሮ፣ በእርሱ ፈንታ ሌላ የብድር በር ሳይከፍት የሚሄድ ሹም ድኻውን አልረዳም። አበዳሪዎች ይሸሸጋሉ፤ ስለ ፍርሃታቸውም ዋጋ ይጨምራሉ። አራጣን የሚያጠፋው ከቅጣት ጋራ ርካሽ ብድር በወራቱ መገኘቱ ነው። በ1988 ዓ.ም. የአነስተኛ ብድር ተቋማት አዋጅ ከወጣ ወዲህ እነዚህ ተቋማትና የገጠር ቁጠባና ብድር ማኅበራት በብዙ ወረዳ ተቋቁመዋል። ነገር ግን ብድራቸው ብዙ ጊዜ በቡድን ዋስትና ስለ ሆነ የአንዱ መክፈል አለመቻል በጎረቤቶቹ ላይ ይወድቃል፤ መልሶ መሰብሰቢያውም በጥር ብቻ ሲሆን ባላገሩን እህሉን በርካሽ እንዲሸጥ ያስገድደዋል።

6ኛ፤ የችግር ደረጃዎች

ባላገር ሲቸግረው የሚያደርገው ነገር በዘፈቀደ አይደለም፤ ቅደም ተከተል አለው። ይህን ቅደም ተከተል የሚያውቅ ሹም አንድ መንደር ከምን ደረጃ እንደ ደረሰ ሳይነገረው ሊያይ ይችላል።

የመጀመሪያው ደረጃ ቤት ውስጥ ያለ ነው፤ የምግቡን መጠን መቀነስ፣ ዕንቁላልና ዶሮ መሸጥ፣ ለቀን ሥራ መውጣት። ሁለተኛው ከዘመድና ከጎረቤት መበደር፣ የእቁብ ተራ መለመን ነው። ሦስተኛው በግና ፍየል መሸጥ፣ ባሕር ዛፍ መቁረጥ፣ ከብት በርቢ መስጠት ነው። እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ በአንድ መልካም አዝመራ ሊመለስ የሚችል ነው። አራተኛው አራጣ መበደር፣ መሬትን ለብዙ ዓመት ማከራየት፣ ሰብልን ሳይታጨድ በማሳ ላይ እንዳለ መሸጥ ነው። አምስተኛው የእርሻ በሬና የምትታለብ ላም መሸጥ፣ ዘሩን መብላት፣ በመጨረሻም ቤቱን ዘግቶ መሰደድ ነው።

ከሦስተኛው ወደ አራተኛውና ወደ አምስተኛው መሻገር ትልቅ ገደል ነው። ይህንም በቁጥር ማየት ይቻላል። ጥማድ በሬ ያለው ሰው ከመሬቱ 12 ኩንታል ያገኛል እንበል። በሬዎቹን ከሸጠ መሬቱን በእኩል ያሳርሳል፤ የሚደርሰው 6 ኩንታል ነው። የበሬዎቹ ዋጋ ባንድ ክረምት ያልቃል፤ የጎደለው 6 ኩንታል ግን በሚቀጥለውም በሚከተለውም ዓመት ይጎድላል። በ6 ኩንታል ቤተሰቡን ቀልቦ በሬ መልሶ የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። አንዱን በሬ ብቻ የሸጠ ሰውም በመቀናጆ ሊያርስ ይችላል፤ ሆኖም ተራ ሲጠብቅ የመዝሪያው ቀን ያልፍበታል።

7ኛ፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ የሚመታ ችግር

ከላይ የተነገሩት መረዳጃዎች ሁሉ የቆሙት አንዱ ሲጎድልበት ሌላው አለው በሚል መሠረት ላይ ነው። የሁሉም ባንድ ቀን ሲጎድል ከማን ይበደራል?

ታሪካችን ይህን በግልጥ ያሳያል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የከብት በሽታ ገብቶ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን በፈጀ ጊዜ፣ በሬ የሚያበድር ጎረቤት አልተገኘም፤ የሚቀናጅም አልነበረም። መሬቱ ባለበት፣ አራሹም ባለበት፣ ዝናምም በዘነበበት ስፍራ ማሳው ጦም አደረ፤ ያ ዘመን ክፉ ቀን ተባለ። በሽታው በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ እንደ ጠፋ ታውጇል፤ ትምህርቱ ግን አልጠፋም።

በ1965ና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ሌላ ነገር አስተማረ። የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1973 ዓ.ም. (በ1981 እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱት፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም ነበር፤ የወሎ ባላገር የተራበው እህሉ ከእርሻው ስለ ጠፋና የሚገዛበትም ገንዘብ ስላልነበረው ነው። እህል ከገበያ ሳይጠፋ ሰው ሊራብ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። ሁሉም ከብቱን ባንድ ቀን ወደ ገበያ ሲያወጣ የሚሸጠው ብዙ፣ የሚገዛው ጥቂት ስለሚሆን የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ አንድ በሬ ቀድሞ ከሚያስገዛው እህል ጥቂቱን ብቻ ያስገዛል። ይህ በየድርቁ የሚደገም ነው።

በ2007ና በ2008 ዓ.ም. ዝናም በቀረ ጊዜ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች 10.2 ሚሊዮን እንደ ሆኑ ተገልጦ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ እድሩ የሚያዋጣ አባል ያጣል፤ እቁቡ ይፈርሳል፤ ዋሶች ከተበዳሪዎች ጋራ አብረው ይቸገራሉ። ስለዚህ «ሕዝቡ በባህሉ ይረዳዳል» ብሎ እርዳታን ማዘግየት ትልቅ ስሕተት ነው። መረዳዳቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሌለ ነገር አይካፈልም። በ1997 ዓ.ም. ተጀምሮ ብዙ ዓመታት የተሠራበት የሴፍቲኔት ፕሮግራም አሳቡ ይኸው ነበር፤ ምግብ ለሚጎድላቸው ቤቶች በየዓመቱ በታወቀ ወራት ገንዘብ ወይም እህል ቢደርሳቸው ሀብታቸውን ሳይሸጡ ክረምቱን ይሻገራሉ። ክፍያው ሁለት ወር ቢዘገይ ግን ጥቅሙ ይጠፋል፤ በሬው ከተሸጠ በኋላ የመጣ ገንዘብ በሬውን አይመልስምና።

8ኛ፤ ከመረዳጃ ውጭ የሚቀሩ ቤቶች

ደጉ ዘመን በሆነ ጊዜም ቢሆን ማኅበር የማይደርስላቸው ቤቶች አሉ። የእድሩን ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ያቃተው ድኻ ይሰረዛል። መሬት ያልደረሳቸው አዲስ ጎጆ ወጪዎች ለዋስነት አይታመኑም። አዲስ መጥቶ የሰፈረ ሰው ዘመድ የለውም። ባል የሞተባት ሴት የምታርስበት ጉልበት ስለሌላት ለወንፈል የምትመልሰው የላትም። በአንዳንድ ስፍራም ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ በቆየ ንቀት ምክንያት ከማኅበር ይርቃሉ፤ ዕቃቸውን የማይገዛ ገበሬ የለም፣ በችግራቸው ቀን ግን አበዳሪ ያጣሉ። እነዚህ ቤቶች በቁጥር ጥቂት ቢመስሉም አስቀድመው ወደ አምስተኛው ደረጃ የሚወርዱ እነርሱ ናቸው። የቀበሌ ሹም የእርዳታ መዝገብ ሲያዘጋጅ የእድር ዳኞችን መጠየቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን የእድሩን መዝገብ ብቻ ቢገለብጥ ከእድሩ ውጭ ያሉትን ሳያያቸው ይቀራል።

9ኛ፤ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሊያደርጉት የሚገባ

ሀ) ግብርና የማዳበሪያ ዕዳ መሰብሰቢያው ቀን የወረዳውን አዝመራ የተከተለ ይሁን። የሚቻል ሲሆን ክፍያው ባንድ ወር ከሚሆን በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ቢከፈል፣ እህሉ ሁሉ ባንድ ሳምንት ወደ ገበያ አይወጣም፤ ዋጋውም በብዙ አይወድቅም።

ለ) የእድርና የእቁብ ገንዘብ የመንግሥት ገንዘብ አይደለም። ለልማትም ሆነ ለበዓል መዋጮ ከእድር ሣጥን ማዘዝ አይገባም። አንድ ጊዜ ሣጥናቸው የተነካባቸው አባሎች ሁለተኛ አያዋጡም፤ ያን ጊዜ ለሐዘንተኛው የሚደርስለት ይጠፋል።

ሐ) ገበያውን በየሳምንቱ ተመልከቱ። ጥማድ በሬዎችና ያልነጠፉ ላሞች በብዛት ሲወጡ፣ ከሰል የሚሸጡ አዲስ ሰዎች ሲታዩ፣ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ሲወርድ፣ አንድ በግ የሚያስገዛው እህል ከሳምንት ሳምንት ሲያንስ፣ ችግሩ ከሦስተኛው ደረጃ እንዳለፈ እወቁ። ይህን ለበላይ ለማስታወቅ ሰው እስኪሰደድ አትጠብቁ።

መ) በድርቅ ጊዜ ከሰው ቀለብ ጋራ የበሬ መኖ አስቡ። ጥማዱ ክረምቱን ካለፈ ባላገሩ በሚመጣው ዝናም ራሱን ይችላል።

ሠ) የኅብረት ሥራ ማኅበራት በጥር ከአባሎቻቸው እህል ገዝተው፣ ወይም በእህሉ መያዣነት አበድረው፣ በክረምት በመጠነኛ ትርፍ ቢመልሱላቸው፣ ከላይ በቁጥር የታየው የ4,500 ብር ጉዳት አብዛኛው ይቀራል።

ረ) ባለ ጥማድና ባለጸጋ የሆናችሁ ባለ ይዞታዎች፣ የጎረቤታችሁን መሬት በችግሩ ቀን ለብዙ ዓመት በጥቂት ዋጋ ከመያዝ፣ ለአንድ ዓመት በእኩል ማረስን ምረጡ። ጎረቤቱ የደኸየበት ሰው በአዝመራ ወንፈል፣ በሐዘኑም ቀን የሚቆምለት ሰው ያጣል፤ የጎረቤት መጥፋት የባለጸጋውም ጉዳት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ የባላገሩ መረዳጃ በየቤቱ ከሚወጣ ቀጭን ክር የተሠራ ነው። ሹም ይህን ድር ሊፈትለው አይችልም፤ እንዳይበጠስ ሊጠብቀው ግን ይችላል። የጥበቃውም ጊዜ ክረምቱ ገብቶ በሬው በገበያ ከታየ በኋላ ሳይሆን፣ አሁኑኑ የወረዳችሁን ወራት፣ እድሮችና ከማኅበር ውጭ ያሉትን ቤቶች በመመዝገብ ይጀመራል።